በልብ ወለድ ዓለም ውስጥ በዓል መሥራት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ልጅዎ ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ረጅም ልብ ወለድ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ታሪኩ የሚፈጸመው በእኛ ምድር ሳይሆን እኔ ባሰብሁት ዓለም ነው። በዚያ ዓለም ሁለት ጨረቃዎች አሉ፤ ትልቋ በ32 ቀን፣ ትንሿ በ27 ቀን ዑደቷን ትፈጽማለች። ዓመቱ 360 ቀን ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 36 ቀን ባላቸው 10 ወራት ይከፈላል፤ ሳምንቱም 9 ቀን ነው። የበዓላቱ ሁሉ ራስ ሁለቱ ጨረቃዎች በአንድ ሌሊት የሚሞሉበት “የመገናኛ በዓል” ነው፤ በየዓመቱ በመጀመሪያው ወር በ18ኛው ቀን ይከበራል። ሕዝቡ አስቀድሞ 9 ቀን ይጾማል፤ በሌሊቱም መብራት ይዞ ወጥቶ ለሁለቱ ብርሃናት የተደረሰ ጸሎት ያደርሳል። ምዕራፉን ያነበቡ አምስት ጓደኞቼ እጅግ ስለ ወደዱት በአንድ ምሽት ተሰብስበው፣ ሻማ አብርተው፣ ያንን ጸሎት በኅብረት ደገሙት፤ “በየዓመቱ እናደርገዋለን” አሉኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቤቴ ገብቼ የማታ ጸሎቴን ስጀምር ግን ፈራሁ። ያልነበረ ዘመንና ያልነበረ በዓል መፍጠሬ ኃጢአት ነውን? የጾምንና የዑደትን ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን መዋሴስ? መጽሐፉን ልተወው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብሁት እርሳስና ወረቀት ይዤ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታገኚዋለሽ። አስቀድሜ ግን ያስፈራሽን ነገር እመልሳለሁ፤ በጸሎት ላይ ሳለን የሚመጣ ፍርሃት በቸልታ የሚታለፍ አይደለምና።

ያልነበረን ነገር እንደነበረ አድርጎ መተረክ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ፣ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ሄዱ፣ ወይራውና በለሱ ወይኑም እንቢ እንዳሉ፣ በመጨረሻም እሾሁ ንግሥናውን እንደ ተቀበለ ለሴኬም ሰዎች ነግሯቸዋል (መሳፍንት 9)። ዛፍ ተሰብስቦ እንደማይመክር እርሱም እነርሱም ያውቁ ነበር። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው የድሃው ሰው በግ (2ኛ ሳሙኤል 12) በማንም ቤት ያደገች አልነበረችም፤ ንጉሡ እውነተኛ ክስ መስሎት በቁጣ ከፈረደ በኋላ “ያ ሰው አንተ ነህ” ሲባል ግን ወደ ንስሐ አደረሰችው። ጌታችንም ሕዝቡን በምሳሌ አስተምሯል፤ ዘሪው፣ ዐሥሩ ደናግል፣ የጠፋው ልጅ የማን ልጅ እንደሆኑ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ የሰው አእምሮ ያልታየ ዓለምን መሣሉ ከአምላክ የተቀበለው ስጦታ እንጂ ከእርሱ የሰረቀው ነገር አይደለም።

“የሌሎች አማልክትን ስም አትጥሩ” የሚለውን ቃል (ዘጸአት 23፥13) አንሥቶ የሚከራከርሽ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የሚናቅ ክርክርም አይደለም። ነገር ግን ያው ቅዱስ መጽሐፍ በኣል የተባለውን ጣዖት፣ ዳጎንን፣ አስታሮትን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ የተከለከለው ስሙን በአምልኮ መጥራት፣ በእርሱ መማልና ከእርሱ መለመን ነውና። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና “ለማይታወቅ አምላክ” የሚለውን ጽሑፍ ከመሠዊያው ላይ አንብቧል፤ ከአሕዛብ ባለ ቅኔዎችም ቃል ጠቅሷል (ሐዋርያት ሥራ 17)። እግዚአብሔርን የማያውቅ ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚናፍቅ መጻፍ ይቻላል፤ ጸሐፊዋ ራሷ የት እንደ ቆመች እስካልዘነጋች ድረስ።

እንግዲህ ድንበሩ የት ላይ ነው? ለእኔ ድንበሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የእስራኤል ንጉሥ የኢዮርብዓም ታሪክ ነው። መንግሥቱ ከሁለት ከተከፈለ በኋላ ኢዮርብዓም፣ ሕዝቡ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ልቡ ወደ ይሁዳ ቤት ይመለሳል ብሎ ፈራ፤ በቤቴልና በዳን ሁለት የወርቅ ጥጆች አቆመ፤ በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀንም በይሁዳ ያለውን በዓል የሚመስል በዓል ሠራ (1ኛ ነገሥት 12)። እውነተኛው የዳስ በዓል በሰባተኛው ወር በ15ኛው ቀን ነው (ዘሌዋውያን 23፥34)። ልብ በዪ፤ ንጉሡ የቀኑን ቁጥር አልነካም፤ ወሩን ብቻ በአንድ አሳለፈው። መጽሐፍ ግን ወሩን ከገዛ ልቡ ያወጣው መሆኑን ጠቅሶ ይነቅፈዋል፤ ወዲያውም ወደ መሠዊያው ወጥቶ ዕጣን እንዳጠነ ይነግረናል። ኃጢአቱ ቀን ማሰቡ አልነበረም፤ ባሰበው ቀን ሕዝቡን ወደ መሠዊያ ማውጣቱ ነበር። ያንን በዓል በብራና ላይ ተረት አድርጎ ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ ቤቴል የእስራኤል ማሰናከያ ባልሆነችም ነበር።

አንቺ የጻፍሽው ምዕራፍ ተረት ነው፤ ጓደኞችሽ ያደረጉት ግን ከተረቱ ወጥቷል። አምስቱም ሰማይ ላይ ሁለተኛ ጨረቃ አለች ብለው እንደማያምኑ አውቃለሁ፤ በመዋደድና በደስታ እንዳደረጉትም አልጠራጠርም። ሆኖም ጻድቁ ኢዮብ ራሱን ሲመረምር፣ ጨረቃ በክብር ስትሄድ አይቶ ልቡ በስውር ተታሎ፣ አፉም እጁን ስሞ ቢሆን ኖሮ ይህ በልዑል ፊት የሚያስፈርድ በደል እንደሚሆንበት ይናገራል (ኢዮብ 31፥26-28)። ኢዮብ የሚፈራው ሐውልት ማቆምን አይደለም፤ ማንም የማያየውን ትንሽ የእጅ ምልክት ነው። መብራት፣ ኅብረት፣ የሚደገም ቃል፣ በየዓመቱ የሚመለስ ቀን፤ እነዚህ ልብን የሚያስተምሩ ነገሮች ስለሆኑ ነው ቤተ ክርስቲያንም የምትጠቀምባቸው። “እናውቃለን፣ ጨዋታ ነው” የሚለው እውቀት ለአንዱ ጋሻ ሊሆነው ይችላል፤ ለሌላው ግን አይሆነውም። ቅዱስ ጳውሎስ ጣዖት በዓለም ከንቱ እንደሆነ እያወቀ፣ የደካማው ወንድም ሕሊና እንዳይቆስል ሲል እውቀቱን እንዲገታ የመከረው ስለዚህ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 8)። ስለዚህ ያ ምሽት መደገም የለበትም፤ በዚህ ነገር ላይ አላቅማማም።

አንቺን ግን እንደ ኢዮርብዓም አልቆጥርሽም፤ አልጠራሻቸውም፣ አላዘዝሻቸውምና። በአንድ ነገር ብቻ ድርሻ አለሽ ብዬ አስባለሁ፤ ጸሎቱን ከመነሻው እስከ አሜኑ ምሉዕ አድርገሽ ጻፍሽው፤ ለመደገም የተዘጋጀ ቃል ደግሞ ደጋሚ አያጣም። በልብ ወለዱ ውስጥ ሥርዓቱን በሚያይ ሰው ዓይን ግለጪው፤ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ፣ አንድ ሐረግ ተሰምቶ ሌላው በነፋስ ሲጠፋ፣ አንዲት አሮጊት ስታለቅስ። እኔ ድርሰት አስተማሪ አይደለሁም፤ ሆኖም እንዲህ ቢሆን ለአንባቢም የሚበልጥ ይመስለኛል።

ወደ በዓሉ ምንነት ልግባ፤ በምዕራፍሽ ውስጥ የጎደለ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነውና። እግዚአብሔር ፋሲካን ሲሠራ፣ ልጆቻችሁ “ይህ አገልግሎት ምንድን ነው?” ብለው ሲጠይቋችሁ መልስ ስጧቸው ብሎ አዘዘ፤ መልሱም በግብፅ የእስራኤልን ቤቶች ስላለፈ ነው የሚል ነበር (ዘጸአት 12፥26-27)። በዓል ማለት ለዚህ የልጅ ጥያቄ መልስ ያለው ቀን ነው። ሰዎች የሠሩት በዓል ሁሉ የተነቀፈ አይደለም፤ አይሁድ በአዳር ወር በ14ና በ15 የሚያከብሩት ፉሪም በሲና የታዘዘ አልነበረም፤ በአስቴር ዘመን ከሞት ስለ ዳኑ የሠሩት ነው (አስቴር 9)። የመቅደስ መታደስ በዓልም እንዲሁ በኋላ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ጌታችን በዚያ በዓል በመቅደስ ይመላለስ እንደነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፏል (ዮሐንስ 10፥22-23)። ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብራቸው ዘጠኙ ዐበይትና ዘጠኙ ንኡሳን የጌታ በዓላትም እያንዳንዳቸው ስለ ተደረገ ነገር ናቸው፤ ተፀንሷል፣ ተወልዷል፣ ተጠምቋል፣ ተሰቅሏል፣ ተነሥቷል።

የአንቺን ሕዝብ ልጅ ግን “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ “ሁለቱ ጨረቃዎች ሞሉ” የሚል ብቻ ነው። ይህ ምልክት እንጂ ሥራ አይደለም። ብርሃናት ለምልክት፣ ለዘመን፣ ለዕለታትና ለዓመታት እንደ ተሰጡ ኦሪት ዘፍጥረት ይናገራል (1፥14)። በኦሪቱ ፋሲካም ጨረቃ ሙሉ ነበረች፤ በጉ የሚታረደው በወሩ በ14ኛው ቀን ነውና። እስራኤል ግን ጨረቃን አላከበሩም፤ ጨረቃዋ ሰዓቱን ደወለችላቸው እንጂ። ባሕረ ሐሳብ በምንለው የዘመን አቆጣጠር ትምህርታችን በጨረቃ ስሌት ከምናገኛቸው ቁጥሮች አንዱ መጥቅዕ መባሉን አስታውሺ፤ መጥቅዕ ደወል ማለት ነው። ደወልን ሰምተን እንሄዳለን፤ ለደወል ግን አንሰግድም። በዓለምሽ ውስጥ በመጀመሪያው የመገናኛ ሌሊት አንድ ነገር ተደርጎ መሆን አለበት፤ አንድ ሕዝብ ከባርነት አምልጦ በሁለቱ ብርሃን መንገዱን አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጸሎቱ ወደ ጨረቃዎቹ ሳይሆን መንገዱን ወዳሳየው ይዞራል፤ ለሕሊናሽም ትልቅ ዕረፍት ይሆንልሻል።

እርሳሱን ያነሣሁት እዚህ ላይ ነው። በዓሉ በየዓመቱ በመጀመሪያው ወር በ18 ይውላል ብለሻል፤ ይህ በሰጠሻቸው ቁጥሮች አይሆንም። 32ን እና 27ን ከአንድ በቀር አብሮ የሚያካፍላቸው ቁጥር ስለሌለ፣ 32 ጊዜ 27 ማለትም 864 ቀን ሳይፈጸም ሁለቱ ጨረቃዎች በአንድ ሌሊት እንደገና አይሞሉም። 864 ቀን ደግሞ በአንቺ ዘመን ሁለት ዓመት ከ144 ቀን ነው፤ 144 ቀንም ልክ አራት ወር ነው። እንግዲህ በዓሉ በ1ኛው ዓመት በ1ኛው ወር በ18 ቢውል፣ ቀጥሎ የሚውለው በ3ኛው ዓመት በ5ኛው ወር ነው፤ ከዚያ በ5ኛው ዓመት በ9ኛው ወር፣ ከዚያ በ8ኛው ዓመት በ3ኛው ወር፣ ከዚያም በ10ኛው ዓመት በ7ኛው ወር ይውልና በ13ኛው ዓመት ወደ 1ኛው ወር ይመለሳል። ቀኑ ምንጊዜም 18 ነው፤ ወሩ ግን ይዞራል፤ በ12 ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ብቻ ይከበራል፤ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛው፣ በስምንተኛውና በዐሥረኛው ወር ጨርሶ አይውልም። ይህን ሳገኝ ደስታዬን ልደብቅሽ አልችልም፤ ሳታውቂው የራሱ ዐውደ ቀመር፣ ማለትም ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ ዑደት፣ ያለው ዘመን ሠርተሻል።

የእኛ ሊቃውንት በዚህ ዓይነት ሐሳብ ዕድሜያቸውን ፈጽመዋል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚተርፈው 11 ቀን አበቅቴ ይባላል። ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት ይገናኛሉ፤ ዕለቱና የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ደግሞ በ28 ዓመት ይገናኛሉ፤ ሁለቱ ሲባዙ 532 ዓመት ይሆናል፤ ዐቢይ ቀመር የምንለው ይህ ነው። ይህን ሐሳብ ለቤተ ክርስቲያን ያቀናው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር፤ ሱባኤ ገብቶ ለመነ፤ አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው። ከሌሊቱ 23 ሱባኤ፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ አገኘ። ሃያ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት፣ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ሰባቱ በሰባት 49 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። በዚህ ሐሳብ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30ም በኋላ አይውልም፤ በ35 ቀናት መካከል ይመላለሳል፤ ከእሑድ ግን አይወጣም። የሚዘዋወር በዓል የሕዝቡን ትዕግሥት ያስተምራል፤ ካህኑን ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ጠብቆ ይቀበለዋልና። የአንቺም ሕዝብ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሚጠብቀው በዓል ቢኖረው፣ በየዓመቱ ከሚመጣለት ይልቅ አይናፍቀውምን?

ስለ ሳምንትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ዕለት ከብርሃንና ከጨለማ፣ ወር ከጨረቃ፣ ዓመት ከፀሐይ ይገኛል፤ ሰባት ቀን ያለው ሳምንት ግን በሰማይ ላይ ከሚታይ ከአንዱም አይገኝም። በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐረፈ ከሚለው ቃል ነው የተቀበልነው። ሊለውጡት የሞከሩ ነበሩ፤ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1793 የወጣው ዘመን ዐሥር ቀን ያለው ሳምንት ይዞ መጥቶ በ1806 መጀመሪያ ተሻረ፤ የሶቪየት መንግሥትም በ1929 የአምስት ቀን፣ በኋላም የስድስት ቀን ሳምንት ሞክሮ በ1940 ወደ ሰባቱ ተመልሷል። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ያለው ሳምንት ከፈለግሽ፣ ዘጠኙን የሰጠው ማን እንደሆነ ታሪኩ መናገር አለበት። በቁጥር ደረጃ ግን የተዋጣልሽ ነው፤ 360ም 36ም 864ም በ9 ያለ ትርፍ ስለሚካፈሉ በዓልሽ ከዘጠነኛው ዕለት ፈጽሞ አይወጣም። በመጽሐፈ ሄኖክና በመጽሐፈ ኩፋሌ የምናነበው 364 ቀን ያለው ዓመትም እንዲሁ በ7 ተካፍሎ ልክ 52 ሳምንት ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ በዓል በየዓመቱ በዚያው ዕለት ይውላል።

ከቤተ ክርስቲያን ስለ መዋስ የጠየቅሽው አጭር መልስ አለው። ጾም፣ መብራት፣ ዑደት፣ ዝማሬ የሰው ልጅ ሁሉ ቋንቋ ናቸው፤ የነነዌ ሰዎች ሕገ ኦሪት ሳይኖራቸው ማቅ ለብሰው ጾመዋል፤ ተሰምቶላቸዋልም። እነዚህን ተጠቀሚባቸው። ታቦትን፣ ቅዳሴን፣ ሥጋውንና ደሙን፣ በሥላሴ ስም የሚፈጸመውን ጥምቀት ግን ስማቸውን ለውጠሽም ቢሆን ለልብ ወለድ ማስጌጫ አታድርጊያቸው፤ ምሥጢራት ናቸውና። የበዓልሽንም ቀን በእኛ ዘመን ከታወቀ ቀን ጋር አታገናኚው፤ ጓደኞችሽን ለማክበር ያመቻቸው አንዱ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉን አትተዪው። ያን ምሽትና በጸሎት ላይ ያደረብሽን ፍርሃት ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እኔ የጻፍሁልሽ ትምህርት ነው፤ ቀኖናው የእርሳቸው ነው። ለአምስቱ ጓደኞችሽም ራስሽ ንገሪያቸው እንጂ ይህን ደብዳቤ አታንብቢላቸው፤ የተቆጣቸው ሰው እንዳለ እንዳይሰማቸው። በዓሉ በየዓመቱ ሊመጣ እንደማይችል የሚያሳየውን ሒሳብ መጀመሪያ ብታሳዪያቸው ለንግግሩ መግቢያ ይሆንሻል። እኔም እንድገኝ ከፈለግሽ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ብትጠሩኝ እመጣለሁ፤ ወረቀቱንም ይዤው እመጣለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።